ከሁ ወደ ሀ፦ በቺፕ ላይ የመጻፍ ሙያ

27ሲ256 የሚባለው ኢፕሮም፣ ማለትም ተጽፎበት ሊሰረዝ የሚችል የማስታወሻ ቺፕ፣ አካሉ ሁለት የሴራሚክ ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። እግሮቹ ከሁለቱ መካከል ይወጣሉ፤ ክፍተቱ በቀለጠ መስታወት ተደፍኗል። እግሮቹ 28 ናቸው፤ በግራ 14፣ በቀኝ 14። ከአንዱ እግር እስከ ቀጣዩ 2.54 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከረድፉ የመጀመሪያ እግር እስከ መጨረሻው 33.02። ሁለቱ ረድፎች በ15.24 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። በአንዱ ጫፍ ግማሽ ክብ ጎድጓዳ ምልክት አለ። ምልክቱን ወደ ላይ አድርገው ሲይዙት አንደኛው እግር በግራ በኩል ከላይ የመጀመሪያው ነው። ቆጠራው በግራ ወርዶ በቀኝ ይወጣል።

ከላይኛው ሰሌዳ መካከል መስኮት ተከፍቷል። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ሲያዩ የሲሊከኑ ቅንጣት ይታያል፤ አራት ማዕዘን ነው፣ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ቀለሙ ይለዋወጣል። ከጠርዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ተነስተው ወደ እግሮቹ ሥር ይሄዳሉ። የመስኮቱ ክዳን ተራ መስታወት ሳይሆን ኳርትዝ ነው። ምክንያት አለው። ጽሑፉ የሚሰረዘው 253.7 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ተራ መስታወት ይህን ጨረር ያስቀራል፤ ኳርትዝ ያሳልፋል።

አሁን እግሮቹን በሥራቸው እንቁጠራቸው። 256 ኪሎ ቢት ማለት 32,768 ባይት ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱን ባይት ለይቶ ለመጥራት 15 የአድራሻ መስመር ያስፈልጋል፤ 15 ሁለቶች ሲባዙ 32,768 ይሆናሉና። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 8 የዳታ እግር ይጨመራል። 23 ሆነ። ቀሪዎቹ 5 ናቸው፦ የኃይል መግቢያው፣ መሬቱ፣ ቺፑን የሚቀሰቅሰው፣ የተነበበውን የሚያስወጣው፣ በመጻፊያ ጊዜ ከፍተኛውን ቮልት የሚቀበለው። 23 ሲደመር 5፣ 28። የተረፈ እግር የለም።

ይህ ልክ በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። ቀዳሚው 2764 8,192 ባይት ይይዛል፤ 28 እግር ቢኖረውም 26ኛው እግር ሥራ ፈት ነበር። እጥፉን የሚይዘው 27128 ሲመጣ ያንን ባዶ እግር 14ኛው የአድራሻ መስመር አደረገው። 27256 ደግሞ ቀድሞ የመጻፊያ ምት ይቀበል የነበረውን 27ኛውን እግር ለ15ኛው መስመር ወሰደ። በ27512 ጊዜ ባዶ እግር አልተረፈም። ስለዚህ የመጻፊያው ቮልት ከ22ኛው እግር ጋር በደባልነት ተቀመጠ፤ የተለቀቀው አንደኛው እግር 16ኛው የአድራሻ መስመር ሆነ። ማስታወሻው ስምንት እጥፍ ሲያድግ የአካሉ ልክ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልተለወጠም።

ውስጡ ያለው ብልሃት ከዚህ ይረቃል። እያንዳንዱ ቢት አንድ ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተሩ ከተለመደው ጌት ሥር ሌላ ጌት አለው፤ ዙሪያውን በኦክሳይድ የተከበበ፣ ከምንም ሽቦ ጋር ያልተያያዘ። ይህን ፍሎቲንግ ጌት እ.ኤ.አ. በ1967 ዳዎን ካንግና ሳይመን ዜ በቤል ላብራቶሪ አቀረቡት። እ.ኤ.አ. በ1971 የኢንቴሉ ዶቭ ፍሮህማን የመጀመሪያውን ኢፕሮም ሠራበት፤ 1702 የተባለው ያ ቺፕ 256 ባይት ይይዝ ነበር። ትራንዚስተሩ ከፍተኛ ቮልት ሲሰጠው ኤሌክትሮኖች ኦክሳይዱን ዘለው ፍሎቲንግ ጌቱ ላይ ይቀራሉ። ኃይሉ ሲቋረጥ መውጫ የላቸውም። ኤሌክትሮን የተቋጠረበት ቢት 0 ተብሎ ይነበባል፤ ያልተቋጠረበት 1። አልትራቫዮሌት ሲበራበት ኤሌክትሮኖቹ ጉልበት አግኝተው ያመልጣሉ፣ ቢቱም ወደ 1 ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 15 ዋት ሰከንድ የሚያህል ጨረር ይበቃል። ይህ በተለመደው መሰረዣ መብራት ሥር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል።

ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል፤ የሙያው ቃላት ሁሉ የቆሙት በዚህ ሕግ ላይ ነው። ባዶ ቺፕ ማለት ሁሉም ቢት 1 የሆነበት ነው። መጻፍ ማለት 1ን 0 ማድረግ ብቻ ነው። 0ን መልሶ 1 ማድረግ በመጻፍ አይቻልም፤ መሰረዝን ይጠይቃል። ኢፕሮም ላይ ደግሞ መሰረዝ አንድን ቢት አይመርጥም። መስኮቱ አንድ ነው፤ ሲበራበት ሁሉም ይሰረዛል።

በፊደላችን እንየው። ሀን 8 ነጥብ በ8 ነጥብ በሆነ ሰሌዳ ላይ እንሣል። እያንዳንዱ የሰሌዳ ረድፍ አንድ ባይት ነው፤ የበራ ነጥብ 1፣ የጠፋ ነጥብ 0። የላይኛው ረድፍ ባዶ ይሁን፦ 0። ቀጥሎ ሁለቱ ቋሚዎች በአራት ረድፍ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ ረድፍ 01000010፣ ማለትም 66። ከዚያ ቋሚዎቹ ወደ ውስጥ ይጠጋሉ፦ 00100100፣ 36። ከታች ይገናኛሉ፦ 00011000፣ 24። የመጨረሻው ረድፍ ባዶ ነው፦ 0። እንግዲህ ሀ በቺፑ ውስጥ 0፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 36፣ 24፣ 0 ናት።

ሁን ለመሥራት በቀኝ በኩል ከወገቧ ላይ አንዲት ነጥብ እንጨምር። ከአራቱ 66ቶች ሦስተኛው 01000011 ይሆናል፤ 67። የሁለቱ ፊደላት ልዩነት አንድ ቢት ብቻ ነው።

ኢፕሮሙ ላይ ሁ ተጽፋ ቢሆንና ሀ እንድትሆን ቢፈለግ ያቺን አንዲት ቢት ከ1 ወደ 0 ማውረድ ነው። አንድ ምት ይበቃል፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆያል። ሀ ተጽፋ ሁ እንድትሆን ቢፈለግ ግን 0ን ወደ 1 መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ 32,768ቱም ባይት በመብራቱ ሥር ተሰርዞ ሁሉም እንደ አዲስ ይጻፋል። ጎጃም የቁም ጸሐፊ አገር ነው፤ ጸሐፊው በሚጽፍበት ብራና ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሀን ሁ ለማድረግ አንዲት ጭረት ትበቃለች፤ ሁን ሀ ለማድረግ ግን ቀለሙን በምላጭ መፋቅ ግድ ይላል። ቺፑም እንደ ብራናው እንዲሆን የሚፈልግ ሰው መንገድ አለው፦ የበራውን ነጥብ 0፣ የጠፋውን 1 ብሎ ይወስናል። ያኔ ባዶ ቺፕ ባዶ ገጽ ይሆናል፣ መጻፍም ቀለም መጨመር። ይህ ውሳኔ አስቀድሞ መደረግ አለበት። ጠንቃቃ ሠሪ የሚታወቀውም የትኛው ለውጥ ያለ መሰረዝ እንደሚቻል አስቀድሞ በማሰቡ ነው።

ፊደሉ ሁሉ ስንት ቦታ ይፈልጋል? 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። የግእዝ አኃዞች ከ፩ እስከ ፼ 20 ናቸው። 251 ሆነ። ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝና ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ሲጨመሩ 256። እያንዳንዱ 8 ባይት ከያዘ 2,048 ባይት ይሆናል። 2716 የሚባለው ባለ 24 እግር ኢፕሮም የሚይዘው በትክክል ይህንኑ ነው። ነገር ግን 8 በ8 ለፊደላችን ጠባብ ነው፤ የጨና የጬ ዝርዝር ይጨናነቅበታል። 16 በ16 ይሻላል፤ ያኔ አንድ ፊደል 32 ባይት፣ 256ቱ ደግሞ 8,192 ባይት ይፈልጋሉ። ይህም 2764ን ልክ ይሞላል። ቨና እነ ቋ፣ ጓ፣ ኳ ግን ገና አልገቡም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታ መደበ። ለ384ቱም በ16 በ16 ልክ ቦታ ቢሰጥ 12,288 ባይት ነው። 27ሲ256 ይህን ሁለት ጊዜ ችሎ ሌላ 8,192 ባይት ይተርፈዋል።

መጻፊያው ማሽን ፕሮግራመር ይባላል። ሥራው ለእያንዳንዱ ቺፕ የሚገባውን ቮልት ለሚገባው ጊዜ መስጠት ነው። 2716 25 ቮልትና ለአንድ ባይት 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈልግ ነበር፤ 2,048 ባይት ለመጻፍ 102 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። 27ሲ256 ወደ 13 ቮልት የሚጠጋ ኃይልና 100 ማይክሮ ሰከንድ ይበቃዋል፤ 16 እጥፍ የሚበልጠውን ጽሑፍ በ4 ሰከንድ ግድም ይጨርሳል። ለ2716 የሚገባው 25 ቮልት 27ሲ256 ላይ ቢለቀቅ ቺፑ ይቃጠላል። ፕሮግራመሩ ከሥራው በፊት የአምራቹን ስምና የቺፑን ሙሉ ቁጥር የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አሁን ከኢፕሮሙ ወደ ዛሬው የጥገና ቤት እንምጣ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት የማቻከል ወረዳ ከተማ በሆነችው በአማኑኤል ያልፋል። እንደ አማኑኤል ባለ ከተማ ዛሬ የቺፕ መጻፍ ሥራ የሚታየው ሪሲቨር፣ ቴሌቪዥንና ሞባይል በሚጠገንበት ቤት ነው። ሪሲቨሩ ቡት ላይ ቀርቷል ይባላል፤ መብራቱ ይበራል፣ ሥዕል ግን አይመጣም። ቦርዱ ላይ ስምንት እግር ያላት ፍላሽ አይሲ አለች፤ ለምሳሌ 25ኪው32። ከእግር እስከ እግር 1.27 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኢፕሮሙ ግማሽ። የምትይዘው ግን 4,194,304 ባይት ነው፤ የ27ሲ256 128 እጥፍ። በስምንት እግር ይህን ሁሉ የምትችለው አድራሻውን በአንድ ጊዜ ስለማትቀበል ነው። 24ቱ የአድራሻ ቢቶች በአንድ ሽቦ ተራ በተራ ይገባሉ፤ ሌላ ሽቦ ምቱን ይቆጥርላቸዋል። ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ያሳወቀው የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። ሕጉ ያው የኢፕሮሙ ነው፦ መጻፍ 1ን 0 ማድረግ ነው። የተለወጠው መሰረዣው ነው፤ መስኮትና መብራት ቀርቶ በኤሌክትሪክ፣ በየክፍሉ ይሰረዛል።

ጥሩ ጠጋኝ በመጀመሪያ አይጽፍም፤ ይጠይቃል። ፕሮግራመሩ በሄክስ፣ ማለትም በ16 መሠረት በሚቆጠር ቁጥር፣ 9ኤፍ የሚል ትዕዛዝ ይልካል፤ አይሲዋ በሦስት ባይት ትመልሳለች፦ ኢኤፍ፣ 40፣ 16። ኢኤፍ አምራቹ ዊንቦንድ ነው ማለት ነው። 40 ዓይነቷን ይናገራል። 16 በሄክስ ሲሆን በተለመደው ቁጥር 22 ነው፤ 22 ሁለቶች ሲባዙ 4,194,304 ይሆናሉ። መጠኗን ራሷ ተናገረች። መልሱ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ወይም ሁሉም ዜሮ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግንኙነቱ ነው፦ ፕሮግራመሩን ከአይሲዋ ጋር የሚያገናኘው መቆንጠጫ በአንዱ እግር ላይ ሳይቀመጥ ቀርቷል፣ ወይም የቦርዱ ሌሎች ክፍሎች ኃይሉን እየተሻሙት ነው። ያኔ አይሲዋ በሆት ኤር ተነቅላ፣ በወረንጦ ተይዛ፣ የፕሮግራመሩ ሶኬት ላይ ትቀመጣለች። ይህች አይሲ የምትሠራው ከ2.7 እስከ 3.6 ባለው ቮልት ነው። በገበያ ካሉት ሲኤች341ኤ ፕሮግራመሮች አንዳንዶቹ በዳታ መስመሮቻቸው 5 ቮልት ያወጣሉ። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው አይሲዋን ከማስቀመጡ በፊት ሶኬቱን በቴስተር ይለካል።

ሁለተኛው ደረጃ ሪድ፣ ማለትም ማንበብ፣ ነው። ያለው ነገር ሁሉ፣ የተበላሸም ቢሆን፣ ተነብቦ በፋይል ይቀመጣል። በድጋሚ ይነበባል፤ ሁለቱ ፋይሎች ይነጻጸራሉ። በአንድ ባይት እንኳ ከተለያዩ ንባቡ አይታመንም፤ የማይታመን ንባብ ላይ ተመሥርቶ መጻፍ አይጀመርም።

ሦስተኛው ኢሬዝ፣ ማለትም መሰረዝ፣ አራተኛው ብላንክ ቼክ ነው። የ25ኪው32 ትንሹ የመሰረዣ ክፍል ሴክተር ይባላል፤ 4,096 ባይት ነው። በአይሲዋ ውስጥ 1,024 ሴክተር አለ። ብላንክ ቼክ እያንዳንዱ ባይት ኤፍኤፍ፣ ማለትም ስምንት 1 መሆኑን ያያል። አንዲት 0 ከቀረች መጻፉ እሷን ወደ 1 መመለስ አይችልም፤ ከሁና ከሀ እንዳየነው።

አምስተኛው ፕሮግራም ነው። ጽሑፉ በገጽ ይሄዳል፤ አንድ ገጽ 256 ባይት፣ በጠቅላላው 16,384 ገጽ። ከእያንዳንዱ ገጽ በፊት የመጻፍ ፈቃድ የሚሰጥ ለብቻው ትዕዛዝ ይላካል። ገጹ ተጽፎ ሲያበቃ ፈቃዱ በራሱ ይዘጋል። በሽቦው ላይ የተንሸራተተ አንድ የተሳሳተ ምት ብቻውን ምንም ሊጽፍ አይችልም፤ ሁለት ትዕዛዝ በትክክለኛው ተራ መምጣት አለበት። ከገጹ ወሰን ያለፈ ባይት ቢላክ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ገጽ አይፈስም፤ ወደዚያው ገጽ መጀመሪያ ይመለሳል። ስለዚህ የፕሮግራመሩ ሶፍትዌር ገጾቹን በልካቸው መቁረጥ አለበት። ይህ ሁሉ በላፕቶፕ ባትሪ ይሠራል፤ አለበለዚያ በኢሬዝና በፕሮግራም መካከል መብራት ቢጠፋ አይሲዋ ባዶ ትቀራለች።

ከስድስተኛው ደረጃ በፊት ሌላ ዓይነት ቺፕ እንይ። የሚጻፍባቸው የሎጂክ ቺፖችም ከዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ በእነሱ ላይ የሚጻፈው ግን ግንኙነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሞኖሊቲክ ሜሞሪስ የተባለው ኩባንያ ጆን ቢርክነርና ኤች. ቲ. ቿ የሠሩትን ፓል የተባለ ቺፕ ለገበያ አቀረበ። ከዓይነቶቹ አንዱ ፓል16ኤል8 ነው። 16ቱ መግቢያዎች እያንዳንዳቸው በሁለት መልክ ይገባሉ፤ አንዴ እንዳሉ፣ አንዴ ተገልብጠው። 32 ዓምድ ሆነ። 8ቱ መውጫዎች እያንዳንዳቸው 8 ረድፍ አላቸው፤ 64 ረድፍ። ዓምድና ረድፍ በሚገናኙበት ሁሉ አንድ ፊውዝ አለ፤ 32 በ64፣ 2,048 ፊውዝ። አንድ ረድፍ እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል፦ የታችኛው ታንከር ውኃ ካለውና የላይኛው ካልሞላ ፓምፑ ይነሳ። የማያስፈልጉት ፊውዞች ይበጠሳሉ፤ የሚያስፈልጉት ይቀራሉ። ምንም ያልተበጠሰበት ረድፍ ደግሞ እያንዳንዱን መግቢያ ከነግልባጩ ይዟል፤ አንድ ነገር ሆኖም ሳይሆንም በአንድ ጊዜ መገኘት ስለማይችል ያ ረድፍ ለዘለዓለም ዝም ይላል። ሥራ የሌለውን ረድፍ ዝም ለማሰኘት ምንም ማድረግ አያስፈልግም ማለት ነው። ከዚህ ንድፍ ውበት በላይ የማደንቀው ጥቂት ነው።

የፓል ፊውዝ አንዴ ከተበጠሰ አይቀጠልም። እ.ኤ.አ. በ1985 ላቲስ ከተባለው ኩባንያ የመጣው ጋል በፊውዙ ቦታ በኤሌክትሪክ የሚሰረዝ ቢት አስቀመጠ፤ ፊውዝ የሚለው ስም ግን ሳይለወጥ ቀረ። የጋል16ቪ8 ፋይል 2,194 ፊውዝ ይቆጥራል። 2,048ቱ ያው ሰንጠረዥ ነው። 64ቱ ረድፎችን አንድ በአንድ የሚዘጉና የሚከፍቱ ናቸው። 8ና 8 የየመውጫውን ጠባይ ይወስናሉ፤ 2ቱ የጠቅላላ ቺፑን። የቀሩት 64ቱ ሥራ የላቸውም፤ ለሠሪው ፊርማ የተተዉ ናቸው። 64 ቢት 8 ባይት ነው። በዩኒኮድ ባለ ሁለት ባይት አጻጻፍ አራት ፊደል ይይዛል፤ ማርቆስ የሚለው ስም ልክ ይገባበታል፣ አማኑኤል ግን በአንድ ፊደል ያልፈዋል።

ይህ ፋይል የተጻፈበትን መልክ የደነገገው ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ ነው። በፋይሉ ውስጥ የፊውዞቹ ብዛት፣ የእያንዳንዱ ረድፍ 0ና 1፣ በመጨረሻም ድምራቸው አለ። ድምሩ ቼክሰም ይባላል። ፋይሉ በመንገድ ላይ ተበላሽቶ ከሆነ ድምሩ አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጠዋል።

አብዛኛውን ጊዜ የተባለው በምክንያት ነው። የሀን ስምንት ባይት ስንደምር 324 ይመጣል። የሁ 325 ነው፤ የአንዲት ቢት ልዩነት ታየች። ሀን ግን ገልብጠን ከታች ወደ ላይ ብንጽፋት፦ 0፣ 24፣ 36፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 0። ድምሩ ያው 324 ነው። ቼክሰም ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ የት እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ስድስተኛው ደረጃ ቬሪፋይ አይዘለልም። ቬሪፋይ እያንዳንዱን ባይት በአድራሻው ከፋይሉ ጋር ያስተያያል፤ የተገለበጠችዋን ሀ በሁለተኛው ረድፍ ላይ ይይዛታል። ለኢፕሮም የተሠሩ ጥሩ ፕሮግራመሮች ቬሪፋይን ሁለት ጊዜ ያደርጋሉ፤ አንዴ ከ5 ቮልት ዝቅ አድርገው፣ አንዴ ከፍ አድርገው። በአንዱ ቮልት የሚነበብ፣ በሌላው የሚያመነታ ቢት ኤሌክትሮኑ በቂ አይደለም።

ቬሪፋዩ ካለፈ በኋላ በኢፕሮሙ መስኮት ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ወረቀት ይለጠፋል። ቀጥተኛ ፀሐይ የተከፈተ መስኮት ያለውን ቺፕ በሳምንት ገደማ ሊሰርዘው ይችላል፤ የክፍል ፍሎረሰንት መብራት በሦስት ዓመት ገደማ። ወረቀቱ ላይ የመሣሪያው ስም፣ የሶፍትዌሩ እትም፣ ቀኑና ቼክሰሙ ይጻፋል። መስኮት በሌላት ፍላሽ ላይም ጥሩ ጠጋኝ እነዚሁን ከፋይሉ ስም ጋር አያይዞ ያስቀምጣቸዋል። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቦርድ የሚከፍት ሌላ ባለሙያ፣ የመጀመሪያውን ሰው ሳያገኘው፣ አይሲዋን አንብቦ፣ ድምሩን አስልቶ፣ ከተቀመጠው ፋይል ጋር ባይት በባይት አስተያይቶ ሥራው ትክክል መሆን አለመሆኑን ያውቃል። በዚህ ሙያ ከፍጥነቱም ከመሣሪያውም በላይ የማከብረው ይህን ነው፦ ሠሪው በሌለበት ሊፈተን የሚችል ሥራ ማስረከብን።